ዛፍራን፣ ሱፍና እርድ፤ የሦስት ቢጫ ቀለሞች ታሪክና የአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ

በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ሌሎች የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ትምህርት ቤቶች አከፋፈት፣ ስለ መምህራን ድካምና ስለ ማኅበር ሥራ ሲጽፉ፣ እኔ ስለ አንድ የጓሮ አበባ ለመጻፍ መነሣቴ አንባቢውን ያስገርመው ይሆናል። ነገር ግን ይህ አበባ በተማሪዎቼ ፊት አሳፍሮኛል፤ ካሳፈረኝም በኋላ ታሪኩን እንድመረምር አስገድዶኛል። ስለዚህ መምህር ሆኜ ሳለሁ ያልተማርሁትን ነገር፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ለባልደረቦቼ ማካፈል ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

የነገሩ መነሻ

ነገሩ የሆነው በሞያሌ ነው። ሞያሌ በአንድ ስም ተጠርታ በሁለት መንግሥት የምትተዳደር ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. አርችቦልድ በተር የተባለው እንግሊዛዊ ከካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ጋር ወሰኑን ለማጥናት በዚህ አገር አለፈ። በ1898 ዓ.ም. ግድም ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮ የእንግሊዝ መንግሥት የድንበር ተቆጣጣሪ ሆኖ ፎርት ሃሪንግተን የሚባለውን ጣቢያ በዚያ መሠረተ። ከዚያም ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ወሰኑን ደነገገ። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በእንግሊዝ እጅ የነበረውን ክፍል ያዘ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ተወሰደበት። ይህ ሁሉ ሲሆን የሰዉ ዝምድናና የገበያው ልማድ ግን እንደ ወሰኑ አልተከፈለም። ዛሬም ቢሆን እናት ከወዲያ ማዶ፣ ልጅ ከወዲህ ማዶ ሆነው ይገበያያሉ።

በዚህ ገበያ አንድ ዕቃ በሦስትና በአራት ስም ይጠራል። አማርኛ ተናጋሪው እርድ የሚለውን ቢጫ ዱቄት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኢርዲ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው ማንጃኖ ይለዋል። በስዋሂሊ ማንጃኖ ማለት የቅመሙ ስም ብቻ ሳይሆን ቢጫ የሚባለው ቀለም ራሱ ነው። ዛፋራኒ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ስሞች በተቀራረቡበት ሥፍራ ስሕተትም ቅርብ ነው፤ ስሕተት ባለበትም አጭበርባሪ አይጠፋም።

በ2017 ዓ.ም. የመጋቢት ዝናብ ሊጀምር ሲል አንድ ነጋዴ በትንንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዘር ይዞ መጣ፤ «የዛፍራን ዘር ነው» አለ። እኔም ስለ ዛፍራን ዋጋ ብዙ ሰምቼ ነበርና፣ የጓሮ አትክልት ክበብ ተማሪዎችን ሰብስቤ «ይህ አበባ በዓለም ገበያ ቀይ ወርቅ ይባላል፤ ከአንድ መደብ የምናገኘው ለብዙ ልጆች ደብተር ይገዛል» ብዬ በሰፊው ተናገርሁ። ልጆቹ ከምሳቸው ሳንቲም ቀንሰው አዋጡ። ዘሩም ተገዛ፤ ተዘራ።

ስሕተቴ በዚህ ቢወሰን ኖሮ ቀላል ነበር። ከተማሪዎቹ የአንዱ አባት በዳበል ይኖሩ ነበር። ዳበል በኬንያ ወገን፣ በማርሳቢት ካውንቲ በሞያሌ ሥር ያለ፣ ሰውና ከብት ውሃ የሚጠብቁበት ደረቅ አገር ነው። ስሙ በቅርብ ዓመታት የታወቀው በወርቅ ምክንያት ነው፤ ከሩቅ ከቅርብ ሰዎች ለመቆፈር ወደ ሂሎ ጎረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጉድጓዱ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መንግሥትም ቁፋሮው እንዲቆም አዘዘ። እኒያ አባት ታላቁ ልጃቸው ልቡ ወደ ጉድጓዱ ስላዘነበለባቸው፣ የእኛን ወሬ ከታናሹ ሰምተው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። «መምህር፣ ልጄ ከመሬት በታች የሚፈልገውን ከመሬት በላይ የሚያገኝበት ከሆነ ለእኔም ትንሽ ይስጡኝ» አሉኝ። እኔም ሰጠኋቸው። ወስደው ከቤታቸው አጠገብ ዘሩት፤ ዝናቡ ሲያጥርም ከቤት ከሚጠጣው ከጀሪካን ውሃ እየቀነሱ አጠጡት።

ከሁለት ወር በላይ አልፎ ተክሉ ጉልበት ሲደርስ ቅጠሉ እሾህ አበቀለ፤ ከዚያም ከራሱ ላይ ቢጫና ብርቱካን ቀለም ያለው አበባ ፈነዳ። ልጆቹ ተደሰቱ። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባለቤት፣ ከወሎ የመጡ እናት፣ መደቡን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይህማ ሱፍ ነው፤ የእናቴ ማሳ ዳር ዳሩን ይኸው አልነበረም?» አሉኝ። እውነት ነበር። ዛፍራን ብለን ያሳደግነው ሱፍ ነበር።

ዛፍራን፤ ዘር የሌለው ተክል

በዚያ ሰሞን ታሪኩን መመርመር ጀመርሁ። ከሁሉ በፊት ያገኘሁት ነገር ሙሉ እፍረቴን ገለጠልኝ፤ ዛፍራን ዘር የለውም። ይህ ተክል በየሕዋሱ ከተለመደው ሁለት እጥፍ ይልቅ ሦስት እጥፍ ክሮሞሶም ይዟል፤ ስምንቱ ሦስት ጊዜ ተደግሞ 24 ይሆናል። ሦስት እጥፍ የሆነው በእኩል ሊከፈል ስለማይችል ተክሉ ፍሬያማ ዘር ሊሰጥ አይችልም። የሚራባው ከመሬት በታች ባለው ሽንኩርት መሳይ አምቡል ብቻ ነው። እናቲቱ አምቡል በየዓመቱ ትንንሽ ልጆች ታወጣና እርስዋ ታልፋለች፤ ልጆቹን ነቅሎ፣ ለይቶ፣ እንደገና የሚተክላቸው የሰው እጅ ነው። እንግዲህ የዛፍራን ዘር የሚሸጥ ሰው ከመጀመሪያው ቃሉ ሐሰተኛ መሆኑ ይታወቃል። ይህን አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ የልጆቹ ሳንቲም ባልጠፋ ነበር።

የዛፍራን የትውልድ አገር ግሪክ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተሙ የዘር ምርመራዎች አመልክተዋል፤ በአቲካ አካባቢ የሚገኘው የዱር ዘመዱ ወላጁ ሆኖ ተገኝቷል። ሳንቶሪኒ በምትባለው ደሴት፣ ከ3,500 ዓመት በላይ በሆነው ዘመን እሳተ ገሞራ በቀበረው በአክሮቲሪ ከተማ፣ ሴቶች ዛፍራን ሲለቅሙ የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ተክሉ በእጅ ወደ ፋርስ፣ ወደ ካሽሚር፣ ወደ ስፔን ተሻገረ። ወደ እንግሊዝ አገር የገባበትን መንገድ ሲተርኩ አንድ መንገደኛ በተቦረቦረ በትሩ ውስጥ አንድ አምቡል ደብቆ አመጣው ይላሉ፤ ትረካው እውነት ቢሆን ባይሆን፣ በዚያ አገር ሳፍሮን ዎልደን የምትባለው ከተማ ስሟን ከዚህ አበባ አግኝታለች። በዛሬው ጊዜ ከዓለም ምርት ከመቶ ዘጠና እጅ ያህሉ የሚገኘው ከኢራን ነው።

ዋጋው ስለ ምን ተወደደ? ከአበባው የሚፈለገው በመካከሉ ያሉት ሦስት ቀያይ ክሮች ብቻ ናቸው። አበባው በተከፈተበት ቀን በማለዳ ይለቀማል፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ይደርቃሉ። አንድ ግራም ደረቅ ዛፍራን ለማግኘት 150 ያህል አበባ፣ ለአንድ ኪሎ ደግሞ 150,000 ያህል አበባ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዋጋው ምሥጢር ድካም ነው። ዋጋውም በበዛ መጠን ማጭበርበሩ በዛ። በ15ኛው መቶ ዘመን የጀርመኗ ኑርምበርግ ከተማ ዛፍራንን ከሌላ ነገር ጋር የሚደባልቁትን ሰዎች እስከ ማቃጠል የደረሰ ቅጣት ትቀጣ ነበር። በሐሰተኛ ዛፍራንነት ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግሉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የሱፍ አበባና የእርድ ዱቄት። እኔን ያታለለኝ ነጋዴ የጥንት መንገድ ተከታይ ነበር ማለት ነው።

ዛፍራን ወደ እኛ አገር በእርሻነት ስለ መግባቱ የጸና ልማድ አይታይም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ፣ ከእኛ ባሕር ትይዩ ወዳለው ወደ ሙዛ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ዛፍራንን ይቈጥራል፤ ወደ አዱሊስ ስለሚገቡት ሲዘረዝር ግን ልብሱን፣ ነሐሱን፣ ብረቱን፣ ወይኑንና ዘይቱን ጠርቶ ዛፍራንን አይጠራም። የዓየራችንም ጠባይ ለዚህ ተክል አይመችም። አምቡሉ በበጋ ደርቆ መተኛት ይፈልጋል፤ ሲነቃ ደግሞ ቀዝቃዛ ሰሞን ይሻል። በሚተኛበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት የደጋችን መሬት በክረምት ዝናብ ይረሰርሳል፤ እርጥበትም አምቡሉን ያበሰብሰዋል። በቦረና አገር የዝናቡ ወራት ሌላ ነው፤ ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀጋያ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይዘንባል፤ በመካከላቸው ያለው አዶሌሳ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ቢሆንም ይህ ቅዝቃዜ እንደ ኢራን ደጋ አይደለም፤ አምቡሉ በሚነቃበት ጊዜ ደግሞ ሀጋያ በላዩ ይወርድበታል።

ሱፍ፤ የተናቀው ባለ አገር

ከዚህ በኋላ ሳላከብር ያሳደግሁትን ተክል ታሪክ ተመለከትሁ። ሱፍ በጥንታዊነቱ ከዛፍራን አያንስም። ከ3,300 ዓመት ግድም በፊት የተቀበረው የግብፅ ንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1922 ሲከፈት የሱፍ ቅሪት በውስጡ ተገኝቷል። ግብፃውያን ከአበባው ቢጫና ቀይ ቀለም አውጥተው ልብስ ይነክሩበት ነበር። በአገራችን ግን የሱፍ ክብር በአበባው ሳይሆን በፍሬው ነው። በጾም ወራት ፍሬው ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ከዚያም የሱፍ ፍትፍት ይሠራል። ወተት በሚከለከልበት ቀን ወተትን የሚተካ ነገር ከእሾህ መካከል ማውጣት የእናቶቻችን ብልሃት ነው።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎፍ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየገበያውና በየማሳው ዘር ሰበሰበ፤ አገራችንንም ከዓለም የእርሻ ተክሎች ምንጮች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በዝርዝሩ ውስጥ ከጤፍና ከኑግ ጋር ሱፍም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ የአገሩን የእህል ዘር እየሰበሰበ ያስቀምጣል። እንግዲህ ሊቃውንት ከሩቅ አገር መጥተው የፈለጉትን ተክል እኛ «ዛፍራን አይደለህም» ብለን ልንነቅለው ተነሥተን ነበር።

ለደረቅ አገርም ሱፍ የተመቸ ነው። ሥሩ ወደ ታች ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚወርድ ሌላው ተክል የማይደርስበትን እርጥበት ይስባል። እሾሁ ከብት እንዳይደፍረው ስለሚከለክል በማሳ ዳር እንደ አጥር ይዘራል። የበሰለው ዘር ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፤ ገበሬው በየዓመቱ ከነጋዴ እንዲገዛ አያስገድደውም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በዛሬው ጊዜ ብዙ ሰው ሱፍ ሲባል ትልቅ ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረውን የሱፍ አበባ ያስባል። እርሱ ከአሜሪካ የመጣ ሌላ ተክል ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ ሁለቱን ለይቶ ካላሳየ ልጆቹ በአንድ ስም ሁለት ነገር ይዘው ይወጣሉ።

እርድ፤ ከእጅ ወደ እጅ የመጣው እንግዳ

ሦስተኛው እርድ ነው። አልጫ ወጣችንን ቢጫ የሚያደርገው ይህ ሥር ከደቡብ እስያ የመጣ የዝንጅብል ዘመድ ነው። እርሱም እንደ ዛፍራን ሦስት እጥፍ ክሮሞሶም ያለው፣ ዘር የማይሰጥ፣ በሥሩ ቁራጭ ብቻ የሚራባ ተክል ነው። ስለዚህ በአገራችን ያለ እያንዳንዱ የእርድ ተክል፣ ጥንት ከባሕር ማዶ በሰው እጅ ተይዞ የመጣ ቁራጭ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በካፋ፣ በሸካና በቤንች አካባቢ እርጥበት ባለው ጥላማ ጓሮ ይበቅላል፤ በቴፒ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ያጠናዋል። ከተተከለ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር ቈይቶ ይቈፈራል፤ ተቀቅሎ፣ ደርቆ ይፈጫል።

በሥር የሚራባ ተክል ግን በጎ ነገሩን ብቻ ሳይሆን በሽታውንም ያወርሳል። በ2004 ዓ.ም. ግድም በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ያለውን ዝንጅብል ያጠፋው የአጠውላጊ በሽታ ከጓሮ ወደ ጓሮ የተዛመተበት አንዱ መንገድ ገበሬዎች ለዘር ብለው የሚለዋወጡት የታመመ ሥር ነበር። የዘመድ ስጦታ ሳይታወቅ የዘመድ ጥፋት ሆነ። እርድ የሚተክል ሰውም ከየት እንደ መጣ የማያውቀውን ሥር ወደ ጓሮው ባያስገባ መልካም ነው።

ለክፍልና ለጓሮ የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን ለባልደረቦቼ በአጭሩ ላስታውስ። ሦስቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እውነተኛው የዛፍራን ክር ጫፉ እንደ መለከት ሰፋ ያለ ነው፤ በውሃ ሲነከር ቀስ እያለ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ ክሩ ራሱ ግን ቀይ እንደ ሆነ ይቈያል። የሱፍ አበባ ቅጠል ጫፉ የተሰነጣጠቀ ቀጭን ቱቦ ነው። የእርድ ዱቄት ደግሞ ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ቡና ዓይነት ይለወጣል፤ ወጥ የፈሰሰበትን ነጠላ ያጠበች ሴት ሁሉ ይህን አይታለች፤ መምህሩ ምክንያቱን ቢያስረዳ ግን አንድ ሙሉ የሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

ዛፍራንን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ቢኖር አልከለክለውም። ከታመነ ቦታ ጥቂት አምቡል ያግኝ፤ ውሃ በማይቋጥር አሸዋማ አፈር በሳጥን ወይም በገንቦ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ ይትከል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ውሃ ይከልክለው፤ ዝናብ ሲመጣም ሳጥኑን ከጣሪያ ሥር ያግባ። አበባ ሲያወጣ ደግሞ በውስጡ ያሉትን የወንድ ዘንጎች ይቍጠር። ዛፍራን ሦስት አለው፤ እርሱን የሚመስለው ኮልቺኩም የተባለው አበባ ግን ስድስት አለው፤ ስድስቱን ያየ ሰው አይቅመሰው፤ መርዝ ነውና። ይህ ሁሉ ለትምህርትና ለደስታ መልካም ነው። ለአንድ ግራም 150 አበባ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው ግን በአሥር አምቡል የልጁን ዕድል አይወራረድም። በእርጥብ አገር እርድ፣ በደረቅ አገር ሱፍ መትከል የጓሮውን ባለቤት በእርግጥ ይጠቅማል።

ወደ ዳበል

እውነቱን ካወቅሁ በኋላ በትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ በግልጥ ተናገርሁ፤ ያዋጡትንም ሳንቲም ከደመወዜ መለስሁላቸው። ሱፉን አጨድነው፤ በእጃችን ጨርቅ ጠቅልለን በዱላ ወቃነው፤ የዘበኛው ባለቤትም ፍትፍት ሠርተው ለሁሉም አቀረቡ። ልጆቹ ከዛፍራኑ ትምህርት ይልቅ የዚያን ቀን ትምህርት እንደሚያስታውሱ አምናለሁ።

ከባዱ ግን ዳበል መሄድ ነበር። አባትየው በቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሱፉ ከአጠገባቸው ደርቆ ቆሟል። የሆነውን ሁሉ አስረድቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ያጠጡት ውሃ እንደ ሄደ፣ ተክሉም ዛፍራን ሳይሆን ሱፍ እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ዘሩ እንደሚበላና ለሚመጣው ጋና እንደሚዘራ ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «መምህር፣ ያን ጊዜ የነገሩኝ የሰሙትን ነበር። አሁን የሚነግሩኝ ያወቁትን ነው ወይስ ይኸንንም የሰሙትን?» ብለው ጠየቁኝ።

የምመልሰው ስለ ነበረኝ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከትምህርት ቤቱ መደብ ያጨድነውን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፋቸው ላይ አፈሰስሁ፤ ራሴ እንደ ዘራሁት፣ ራሴ እንዳጨድሁት፣ ራሴም እንደ በላሁት ነገርኋቸው። ዘሩን ተቀብለው በመሐረብ ጫፍ ቋጠሩት። ታላቁ ልጃቸው ግን በዚያ ቀን በቤት አልነበረም፤ ወዴት እንደ ሄደ አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

እኛ መምህራን በየቀኑ ለልጆች የምንሰጠው ነገር በአብዛኛው ከሌላ የሰማነው ነው፤ ሁሉንም ራሳችን ልንፈትነው አንችልም። ነገር ግን ወላጅ ከሚጠጣው ውሃ ቀንሶ የሚያጠጣው፣ ልጅ ከምሳው ሳንቲም ቀንሶ የሚገዛው ነገር ሲሆን፣ ከመናገራችን በፊት በገዛ ጓሯችን አንድ መደብ ዘርተን ማየት ይገባናል። የዳበሉ አባት የጠየቁኝ ጥያቄ ከክፍሌ ጥቁር ሰሌዳ በላይ ተጽፎ ይታየኛል፤ በምገባበት ቀን ሁሉ ለመመለስ እሞክራለሁ።